ልቅ ግጦሽና የተራራ ሣር፦ ከጓሳ እስከ ዞብል

(በዩኒየኑ የምሥረታ በዓል ላይ ለአባላት፣ ለመሠረታዊ ማኅበራት ተወካዮችና ለወረዳው የሥራ ኃላፊዎች የቀረበ ንግግር)

የተከበራችሁ የዩኒየኑ አባላት፣
የተከበራችሁ የመሠረታዊ ኅብረት ሥራ ማኅበራት ተወካዮች፣
የተከበራችሁ የወረዳና የቀበሌ የሥራ ኃላፊዎች፣
ክቡራትና ክቡራን፣



በእንዲህ ያለ በዓል ላይ ስለ ማዳበሪያ፣ ስለ ምርጥ ዘር፣ ስለ ገበያና ስለ ትርፍ ክፍፍል መናገር የተለመደ ነው። የዛሬው ርእስ ግን ሣር ነው። ሣር በማኅበራት የሂሳብ መዝገብ ላይ አይሰፍርም፤ ኦዲተርም አይቆጥረውም። ይሁን እንጂ የቆቦ ገበሬ በሬው ጠንክሮ የሚያርሰው፣ ላሙ የምትታለበው፣ የማሽላ ማሳውም ከጎርፍ የሚጠቀመው በተራራው ላይ ባለው ሣር መጠን ነው። ሣሩ ሲጎዳ ኪሳራው በመዝገብ አይታይም እንጂ እያንዳንዱ አባል ቤት ይገባል።

ከዚህ አኳያ የንግግሩ ፍሬ ነገር በአጭሩ ሊገለጽ ይችላል። ተራራን የሚያራቁተው የከብት መኖር ብቻ አይደለም። ሣሩ ዕረፍት ማጣቱ፣ ዕረፍቱንም የሚያስከብር ባለቤት አለመኖሩ ነው።

ሜዳውና ተራራው አንድ አካል ናቸው

እንደሚታወቀው የቆቦ ከተማ ከባሕር ወለል በላይ 1,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ በሰፊ ሜዳ ተቀምጣለች። በምሥራቅ የዞብል ተራራ ሜዳውን ከአፋር ዝቅተኛ ምድር ይለያል። በምዕራብ ደግሞ ገደላ ገደሉ ወደ ግዳንና ወደ ላስታ ከፍታዎች ይወጣል። በዚሁ በሰሜን ወሎ ዞን የሚገኘው የአቡነ ዮሴፍ ተራራ ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍታ አለው።

ጎሊና፣ ሆርማት፣ ጎቡና ሌሎችም ወንዞች ውኃቸውን የሚያገኙት ከእነዚህ ከፍታዎች ነው። የራያ ገበሬ ከጥንት ጀምሮ ጎርፍ እየጠለፈ ማሳውን ሲያጠጣ ኖሯል። በሸለቆው ውስጥ በጉድጓድ የሚወጣው የከርሰ ምድር ውኃም ቢሆን ከደጋውና ከኮረብታው በሚሰርገው ዝናብ የሚታደስ ነው። ስለዚህ ጥያቄው ዝናቡ በተራራው ላይ ሲወርድ ምን ይገጥመዋል የሚለው ነው።

ዝናቡ በሣር በተሸፈነ መሬት ላይ ሲወርድ ጠብታው በመጀመሪያ የሚመታው ቅጠሉን ነው። ጉልበቱ ይሰበራል። ውኃውም ሥሩ በከፈተው ቀዳዳ ወደ አፈሩ ይሰርጋል፤ የተረፈው ቀስ እያለ ወደ ወንዙ ይወርዳል። በተራቆተ መሬት ላይ ሲወርድ ግን ጠብታው አፈሩን ይደልቀዋል። በሰኮና የተጠቀጠቀው መሬትም ውኃ አይቀበልም። ውኃው በአንድ ጊዜ ተሰብስቦ ድንጋይና አሸዋ እየገፋ ይወርዳል። እንዲህ ያለውን ጎርፍ ለመጥለፍ ያስቸግራል። የጠለፋውን ክትር ይጠርጋል፤ ማሳውንም በአሸዋ ይሞላል።

ይህ በጥናትም የተረጋገጠ ነው። በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. ዓለም አቀፍ የእንስሳት ምርምር ተቋም ተመራማሪዎች በኢትዮጵያ ማዕከላዊ ደጋማ ቦታዎች ቀላል፣ መካከለኛ፣ ከባድና በጣም ከባድ ግጦሽ ያለባቸውን መሬቶች እያነጻጸሩ ለክተዋል። ግጦሹ በከበደ ቁጥር የሣሩ ምርትና የመሬቱ ሽፋን ቀንሷል። ወደ አፈሩ የሚሰርገው ውኃ አንሷል፤ በጎርፍ የሚታጠበው አፈርም ጨምሯል። ተዳፋቱ ሲጨምር ጉዳቱ ይብሳል።

ከብት ሣሩን እንዴት ይለውጠዋል?

ብዙ ጊዜ ግጦሽ ሣሩን «ይጨርሳል» ይባላል። እውነታው ከዚህ ትንሽ ይለያል። ግጦሽ ሣሩን ከመጨረሱ በፊት ይለውጠዋል። አንዱ የሣር ዓይነት ሲሄድ ሌላው ቦታውን ይይዛል። መሬቱ ከሩቅ ሲታይ አረንጓዴ ስለሆነ ብቻ ጤነኛ የሚመስለውም ለዚህ ነው።

ለመሆኑ ይህ ለውጥ ከምን ይመጣል? የሣር ማቆጥቆጫ ያለው ከአፈሩ አጠገብ ነው። ስለሆነም ሣር ቢጋጥም ተመልሶ ያድጋል፤ ይህ ከሌሎች ዕፅዋት የሚለይበት ትልቅ ጸጋው ነው። ሆኖም አዲስ ቅጠል ለማውጣት ሥሩ ላይ ያከማቸውን ስንቅ ያወጣል። ቅጠሉ አድጎ ስንቁን ከመመለሱ በፊት እንደገና ከተጋጠ ሥሩ ያጥራል። ሦስተኛና አራተኛ ጊዜ ከተደገመ ሣሩ ይሞታል። ከሁሉ የሚከፋው ዝናብ እንደጀመረ፣ ሣሩ ገና ሲያቆጠቁጥ የሚደረግ ግጦሽ ነው። ሣሩ ስንቁን ያወጣው ያን ጊዜ ነውና። መሬቱም እርጥብ ስለሆነ ሰኮና በቀላሉ ይጠቀጥቀዋል።

የእንስሳቱ ዓይነትም ለውጥ ያመጣል። ላም ሣሩን በምላሷ ጠቅልላ ስለምትነጭ በጣም ያጠረ ሣር አይመቻትም። በግ እስከ አፈሩ ድረስ ይቀነጥባል። ፈረስ፣ በቅሎና አህያ በላይና በታች ጥርሳቸው ስለሚቆርጡ ከሥሩ ይላጩታል። ፍየል ደግሞ ይበልጡን ቅጠልና ቁጥቋጦ ትወዳለች። ላም የተወችውን በግ ይከተላል፤ በግ የተወውን አህያ ይጨርሳል። ሁሉም ዓመቱን ሙሉ በአንድ ኮረብታ ላይ ሲውሉ የሚያርፍ ቅጠል አይኖርም።

አሜሪካዊው የግጦሽ ባለሙያ ዳይክስተርሂውስ በ1949 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጽሑፍ የግጦሽ ዕፅዋትን በሦስት ከፍሏቸዋል። ይህ አከፋፈል ዛሬም ድረስ ባለሙያዎች የሚሠሩበት ነው።

የመጀመሪያዎቹ በግጦሽ ብዛት እየቀነሱ የሚሄዱ ናቸው። ረጃጅም፣ ለዘለቄታው የሚኖሩና እንስሳት አጥብቀው የሚወዷቸው ሣሮች በዚህ ይመደባሉ። ሁለተኛዎቹ ግጦሽ ሲበዛ እየበዙ የሚሄዱ ናቸው። መሬት ለመሬት የሚሳበው ሰርዶ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። ሦስተኛዎቹ ከዚያ በፊት በቦታው ያልነበሩ፣ መሬቱ ሲገለጥ ሰርገው የሚገቡ ወራሪዎች ናቸው። እነዚህን በአብዛኛው እንስሳት አይበሏቸውም።

ስለሆነም ኮረብታ አንድ ቀን በድንገት አይራቆትም፤ ደረጃ በደረጃ ይወርዳል። ረጅሙ ሣር ሲሄድ ሰርዶ ይተካዋል። ሰርዶ መጥፎ ሣር አይደለም፤ ከብት ይወደዋል፣ አፈርም ይይዛል። ነገር ግን አጭር ስለሆነ ከአንድ ጥማድ መሬት የሚገኘው መኖ ይቀንሳል። ሰርዶም ሲደክም በአንድ ክረምት በቅለው የሚያልቁ ደካማ ሣሮች ይመጣሉ። እነዚህ በበጋ ስለሚደርቁ በሚቀጥለው ዓመት የመጀመሪያው ዝናብ ሲወርድ መሬቱ ባዶውን ይጠብቀዋል። በመጨረሻም እምቧይን የመሳሰሉ እሾሃማና መራራ ዕፅዋት ይነግሣሉ። አንድ ገበሬ በኮረብታው ላይ እምቧይ ሲበዛ ካየ ተራራው «ደክሞኛል» እያለ መሆኑን ሊረዳ ይገባል።

በከፍተኛው ደጋ ደግሞ ጓሳ ሣር፣ አስታና ጅባራ ይገኛሉ። በዚያ ብርዱ ዕድገትን ስለሚያዘገይ በአንድ ዓመት የጠፋ በአንድ ዓመት አይመለስም። ግጦሹ ሲበዛ የጓሳው ጉቶ ይሳሳል፤ ከብት የማይነኳቸው ግራጫ ቅጠል ያላቸው ቁጥቋጦዎችም ይስፋፋሉ። የስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በ1996 እ.ኤ.አ. በአደጋ ላይ ካሉ የዓለም ቅርሶች መዝገብ ገብቶ በ2017 እ.ኤ.አ. የወጣ ሲሆን፣ በእነዚያ ዓመታት መፍትሔ ሲፈለግላቸው ከነበሩት ችግሮች አንዱ ከመጠን ያለፈ ግጦሽ ነበር።

ከብት ጠላት አይደለም

ይህን የሰማ ሰው «እንግዲያው ከብት ከተራራው ለዘለዓለም ይውጣ» ሊል ይችላል። ይህም ልክ አይደለም።

በሥነ ምኅዳር ትምህርት የታወቀ አንድ ሐሳብ አለ። አሜሪካዊው ሳይንቲስት ጆሴፍ ኮኔል በ1978 እ.ኤ.አ. እንዳስረዳው ብዙ ዓይነት ሕይወት የሚገኘው ጭራሽ ካልተነካ ወይም እጅግ ከተጎዳ ቦታ ይልቅ በመጠኑ በተነካ ቦታ ነው። ሐሳቡ ሁልጊዜና በሁሉም ቦታ የሚሠራ ሕግ ባይሆንም በግጦሽ መሬት ላይ ብዙ ጊዜ ይታያል። ሣሩ ለብዙ ዓመታት ካልታጨደና ካልተጋጠ ረጃጅሞቹ ብቻ ይነግሣሉ። እንደ ማጌጥ ያሉት ዝቅተኛ ዕፅዋት ብርሃን አጥተው ይጠፋሉ። ማጌጥ ግን ለከብት ወተት፣ ለአፈርም ናይትሮጅን የሚሰጥ ነው። በቆላና በወይና ደጋ ኮረብታዎች ደግሞ ለረጅም ጊዜ የተከለለ መሬት ወደ ቁጥቋጦና ወደ ደን ይለወጣል። ይህ ለአፈር ጥበቃ መልካም ነው፤ ሣር ለሚፈልግ አርቢ ግን የሣሩ ድርሻ እየቀነሰ ይሄዳል።

ስለዚህ ተገቢው ጥያቄ «ከብት ይግባ ወይስ አይግባ?» አይደለም። «መቼ ይግባ? ስንት ይግባ? ለምን ያህል ጊዜ ይቆይ? ማንስ ይወስን?» የሚል ነው። ለእነዚህ ጥያቄዎች የተሟላ መልስ የሰጠ ማኅበረሰብ ሩቅ አይደለም። ራያን ከአፋር በሚለየው በዚያው የምሥራቅ ገደላ ገደል ጫፍ ወደ ደቡብ ሲኬድ መንዝ ላይ ይገኛል።

የጓሳ ትምህርት

ጓሳ በሰሜን ሸዋ መንዝ ውስጥ ከ3,200 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ የሚገኝ፣ ወደ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚሰፋ የደጋ ሣር ምድር ነው። ስሙን ያገኘው ከጓሳ ሣር ነው። ሣሩ ቤት ይከደንበታል፤ ገመድ ይገመድበታል፤ ለዝናብ የሚለበስ ገሳም ይሠራበታል። በድርቅ ጊዜም ለከብት መሸሻ ነው። ቀይ ቀበሮና ጭላዳ ዝንጀሮም ይኖሩበታል።

በአፈ ታሪክ እንደሚነገረው መሬቱን ያቀኑት አስቦና ጌራ የሚባሉ አባቶች ናቸው፤ ድንበራቸውንም በፈረስ ግልቢያ ለዩ። የጓሳን አጠባበቅ በስፋት ያጠኑት ዶክተር ዘላለም ተፈራ እንደጻፉት፣ ዘሮቻቸው መሬቱን ከ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮ «ቄሮ» በተባለ ሥርዓት ሲጠብቁት ኖረዋል። ተጠቃሚዎቹ በየአጥቢያው ይደራጃሉ። በአስቦም በጌራም በኩል «አባ ቄራ» የሚባል አለቃ ይመርጣሉ። መሬቱ ሲዘጋ ማንም ከብት አይሰድበትም፤ ማንም ሣር አያጭድበትም። አንዳንድ ጊዜ ለተከታታይ ዓመታት ተዘግቶ ይቆይ ነበር። ሣሩ በበቂ ሁኔታ አድጓል ሲባል ወይም ድርቅ ሲመጣ መከፈቱ ይታወጃል። ደንቡን የሚጥስ ጽኑ ቅጣት ይቀጣል፤ ጥበቃውም የተጠቃሚው የራሱ ግዴታ ነበር።

እነዚህ አባቶች የዕፅዋት ሳይንስ አልተማሩም። የሠሩት ግን ሳይንሱ የሚለውን ነው። ሣሩ ሥሩን እንዲሞላና ዘሩን እንዲጥል ጊዜ ሰጡት፤ ከዚያም ተጠቀሙበት።

በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬትን የሕዝብ ያደረገው አዋጅ ሲወጣ የርስት ሥርዓት አበቃ። ቄሮም የቆመው በርስት ላይ ስለነበር አብሮ ፈረሰ። እዚህ ላይ አንድ እውነት መነገር አለበት። የቀድሞው ሥርዓት የአቅኚ አባቶችን ዘር ብቻ የሚጠቅም ነበርና ከጓሳ የራቀ ብዙ ሰው ነበር። አዋጁ ለእነዚያ መብት ሰጠ። ይሁን እንጂ አሮጌው ጠባቂ ሲነሣ አዲስ ጠባቂ በቦታው ወዲያው አልቆመም። ጓሳው የሁሉም ሲሆን የማንም ሆነ፤ አጨዳውና ግጦሹም በረታበት።

የመንዝ ሕዝብ ግን በዚህ አላበቃም። ማኅበረሰቡ በአዲስ መልክ ተደራጅቶ፣ ከአቅኚ ዘር ውጪ የሆኑትንም ጨምሮ፣ በቀበሌዎች ውክልና መተዳደሪያ ደንብ አወጣ። በ2008 እ.ኤ.አ. ጓሳ በአማራ ክልል የማኅበረሰብ ጥብቅ ሥፍራ ሆኖ ሕጋዊ ዕውቅና አገኘ። በሰሜን ወሎም የአቡነ ዮሴፍ ከፍታዎች በማኅበረሰብ ጥብቅ ሥፍራነት ተከልለዋል።

ከጓሳ የሚወሰደው ትምህርት ሁለት ነው። አንደኛው፣ ደንብ ያለ ባለቤት አይቆምም። ሁለተኛው፣ ጥቂቶችን ብቻ የሚጠቅም ደንብ ዘመን ሲለወጥ የሚከላከልለት አያገኝም። ስለዚህ ለራያ ኮረብታዎች የሚወጣ ደንብ ከመጀመሪያው ሁሉንም ያካተተ መሆን ይኖርበታል።

በሩቅ ሀገርም እንዲሁ ነው

በስዊዘርላንድ ተራሮች ውስጥ ቶርበል የሚባል መንደር አለ። የመንደሩ ገበሬዎች በ1517 እ.ኤ.አ. አንድ ቀላል ደንብ አወጡ። ማንም ሰው በበረዶው ወራት በራሱ ድርቆሽ ሊቀልባቸው ከሚችለው በላይ ላሞች ወደ ጋራው ተራራ እንዳይሰድ ከለከሉ። ደንቡ የእያንዳንዱን ሰው ከብት ቁጥር ከራሱ ጎተራ ጋር አሰረው። አሜሪካዊቷ ምሁር ኤሊኖር ኦስትሮም ይህንንና መሰል ምሳሌዎችን በ1990 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት መጽሐፍ ተንትነዋል። የጋራ ሀብት የግድ እንደማይጠፋ፣ ተጠቃሚዎቹ ራሳቸው ደንብ አውጥተው ካስከበሩት ለብዙ መቶ ዓመታት ሊቆይ እንደሚችል አሳይተዋል። በ2009 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማትን በኢኮኖሚክስ ያገኙት በዚህ ሥራቸው ነው።

የቶርበል ደንብ ወደ ራያ ቢመጣ ትርጉሙ ግልጽ ነው። በራያ የበጋው ጎተራ የማሽላ አገዳ ክምር ነው። አንድ ቤተሰብ በጋውን በራሱ አገዳ፣ ገለባና ድርቆሽ ሊያወጣው የሚችለው የከብት ቁጥር ተራራው ላይ ለሚኖረው ድርሻ ጥሩ መለኪያ ሊሆን ይችላል።

ባዶ መሬት እንግዳ አያጣም

መሬት ሲገለጥ ባዶ አይቀርም። ከመካከለኛው አሜሪካ አካባቢ የመጣው ፓርቲኒየም የሚባለው አረም ወደ ኢትዮጵያ የገባው በ1970ዎቹ ዓ.ም. እንደሆነና ከእርዳታ እህል ጋር ተቀላቅሎ ሳይገባ እንዳልቀረ ይታመናል። የቆቦ ገበሬ ይህን አረም ጠንቅቆ ያውቀዋል። አንድ ተክል እስከ 25,000 ዘር ሊያፈራ ይችላል። ከብት አይወደውም፤ ርቧቸው ከበሉት ወተቱና ሥጋው ይመራል። የሰው ቆዳንም ያሳክካል። በምሥራቅ ኢትዮጵያ በተደረገ ጥናት ባልታረመ የማሽላ ማሳ ላይ ከ40 እስከ 97 በመቶ የሚደርስ የምርት መቀነስ አስከትሏል።

ይህ አረም ጥላና ጥቅጥቅ ያለ ሣር አይወድም። የሚመቸው መንገድ ዳር፣ የወንዝ ዳር አሸዋና በግጦሽ የተራቆተ መሬት ነው። በአውስትራሊያም ባለሙያዎች ለአርቢዎች የሚሰጡት ዋናው ምክር የሣር ሽፋንን አለማሳሳት ነው። ከተራቆተ ኮረብታና ከወንዝ ዳር የሚነሣ ጎርፍ ዘሩን ይዞ ወደ ማሳ ይወርዳል። በግጦሽ መሬት ላይ ያልተከፈለ ዋጋ በማሽላው ውስጥ በአረማ ጉልበት ይከፈላል ማለት ነው።

ማን ይጠቀማል? ማንስ ይከፍላል?

የተከበራችሁ አባላት፣

እስካሁን የተባለው ሁሉ ቀላሉ ክፍል ነው። ከባዱ ክፍል አሁን ይመጣል። ኮረብታው ለአንድ ክረምት ይዘጋ ሲባል ሁለት ፍየል ብቻ ያላት እናት የት ትወስዳቸዋለች? ይህ ጥያቄ ካልተመለሰ የትኛውም ደንብ በወረቀት ላይ ይቀራል፤ ሌሊት ይጣሳል።

ነገሩ በሌላ በኩልም መታየት አለበት። ልቅ ግጦሽ ለድሃ የሚያዝን ይመስላል እንጂ ሚዛኑ ወዲያ ነው። ሃያ ከብት ያለው ሰው ሁለት ፍየል ካላት እናት እጅግ የበለጠ ሣር ከጋራው ኮረብታ ይወስዳል። ምንም ከብት የሌለው ደግሞ ምንም አያገኝም። ኮረብታው ተዘግቶ ሣሩ ታጭዶ በቤተሰብ እኩል ቢከፋፈል ግን ከብት የሌለውም ድርሻውን ሸጦ ገንዘብ ያገኛል። የሁለት ፍየል ባለቤትም ከምትፈልገው በላይ ታገኛለች። ብዙ ከብት ያለው ሰው ይጎዳል ቢባል ሣሩን ከጎረቤቱ ይገዛል፤ ወይም ቁጥሩን ቀንሶ የተሻለ የሚታለብ ይይዛል። ስለዚህ የደንቡ ፍትሐዊነት የሚለካው ሣሩ በሚከፋፈልበት መንገድ ነው።

በራያ ሜዳ ላይ መጠባበቂያ መኖሩ ምን ያህል አስፈላጊ እንደሆነ ማስረዳት አያሻም። በ2013 ዓ.ም. መጀመሪያ የበረሃ አንበጣ በደረሰ ማሽላና ጤፍ ላይ ሲወርድ እህሉ ብቻ ሳይሆን የከብቱም ቀለብ ጠፍቷል። እንዲህ ባለ ዓመት በኮረብታ ላይ የቆመ ሣር የሚያስይዘው በሬን ላለመሸጥ ነው። በሬ ያልሸጠ ገበሬ በቀጣዩ ክረምት ያርሳል።

ምን ሊሠራ ይችላል?

አንደኛ፣ ኮረብታውን በአንድ ጊዜ ሙሉ በሙሉ መዝጋት አያስፈልግም። በአራት ቢከፈል በየዓመቱ አንደኛው ክፍል ሙሉ ዕረፍት አግኝቶ ዘሩን እንዲጥል ይደረጋል። በሌሎቹ ላይ ሣሩ ማበብ ሲጀምር ታጭዶ ድርቆሽ ይሠራል። በዚያን ጊዜ የታጨደ ሣር ዘሩን ጥሎ ከደረቀው ይልቅ ለከብት ይጠቅማል። ከሰኔ እስከ መስከረም መጨረሻ ድረስ ግን በየትኛውም ክፍል ላይ ከብት ባይሰማራ ይመረጣል።

ሁለተኛ፣ የማሽላ አገዳና የጤፍ ገለባ የተሻለ መኖ ሊሆኑ ይችላሉ። 5 ኪሎ ግራም ዩሪያ በ100 ሊትር ያህል ውኃ ሟሙቶ በ100 ኪሎ ግራም ገለባ ወይም በተከተፈ አገዳ ላይ ይረጫል። አየር እንዳይገባው ተሸፍኖ ለሦስት ሳምንት ይቀመጣል፤ ከብቱም በደንብ ይበላዋል። ዩሪያውን ግን ዩኒየኑ ራሱ ያከፋፍላል። ማስጠንቀቂያው አንድ ነው፤ ዩሪያ በቀጥታ ለከብት ከተሰጠ ይገድላል፣ ስለሆነም የመጀመሪያው ሙከራ የልማት ጣቢያ ሠራተኛ ባለበት ይደረግ።

ሦስተኛ፣ ሣሩ ይቆጠር። አንድ ሜትር በአንድ ሜትር የሆነ የእንጨት ክፈፍ ሠርቶ በየዓመቱ በመስከረም መጨረሻ በተመሳሳይ አሥር ቦታዎች መሬት ላይ ማስቀመጥ በቂ ነው። በውስጡ ስንት ዓይነት ሣር አለ? ከብት የማይበላው ስንት ነው? ባዶው አፈር ከግማሽ ይበልጣል? መልሱ በቃለ ጉባኤ መዝገብ ይሰፍራል። አሥር ሜትር በአሥር ሜትር የሆነ አንድ ጥግ ታጥሮ ቢቀመጥ ደግሞ አባላት ውስጡንና ውጪውን በዓይናቸው እያዩ ይፈርዳሉ። ስድስተኛና ሰባተኛ ክፍል የደረሱ እረኞች የሣሩን ስም ከማንም በላይ ስለሚያውቁ ቆጠራውን ሊሠሩት ይችላሉ።

አራተኛ፣ ደንቡ ጎረቤትን ያካትት። የዞብል ምሥራቃዊ ፊት ወደ አፋር ሜዳ ይወርዳል፤ የምዕራቡ ገደል ራስ ደግሞ የሌሎች ወረዳዎች ነው። ድርቅ ሲመጣ ከብት የወረዳ ድንበር አያውቅም። የሀገር ሽማግሌዎች ከሁለቱም ወገን ተቀምጠው የሚከፈትበትንና የሚዘጋበትን ቀን ካልተስማሙበት የአንዱ ጥበቃ ለሌላው ግጦሽ ይሆናል።

አምስተኛ፣ የወረዳው የሥራ ኃላፊዎች ድርሻ ደንቡን ራሳቸው ጽፈው ማውረድ አይደለም። ጠቅላላ ጉባኤው ያጸደቀውን ማስከበር ነው። ከላይ የወረደ ክልከላ ኃላፊው ሲቀየር ይረሳል። አባላት በእጃቸው ድምፅ የሰጡበት ግን የሚጠብቀው ሰው ያገኛል።

ማጠቃለያ

ክቡራትና ክቡራን፣

ዓለም አቀፍ የኅብረት ሥራ ማኅበራት ኅብረት በ1995 እ.ኤ.አ. በማንቸስተር ከተማ ያጸደቃቸው መርሆዎች ሰባት ናቸው። ሰባተኛው ለማኅበረሰብ መቆርቆር ነው። ኅብረት ሥራ ማኅበራት በአባሎቻቸው ተቀባይነት ባገኙ ፖሊሲዎች ለአካባቢያቸው ዘላቂ ልማት እንዲሠሩ ይጠይቃል። በቆቦ ይህ መርሆ ከተራራው ሣር ይጀምራል ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ኅብረት ሥራ ማኅበር ማለት ብቻውን ማዳበሪያ ማምጣት ያልቻለ ገበሬ ከጎረቤቱ ጋር ሆኖ ያመጣበት ዘዴ ነው። ተራራውም እንዲሁ ነው። አንድ ሰው ብቻውን ከብቱን ቢያስቀር የእሱን ድርሻ የሌላው ከብት ይበላዋል፤ ሞኝ ተብሎም ይሳቅበታል። ሁሉም በአንድ ቀን ቢያስቀሩ ግን ሣሩ ያድጋል። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የሚለው ብሂል የተነገረው ለዚህ ነው።

ስለሆነም በሚቀጥለው ጠቅላላ ጉባኤ ላይ ከትርፍ ክፍፍሉ ቀጥሎ አንድ አጀንዳ ቢያዝ መልካም ይሆናል፦ ከፊታችን ሰኔ ጀምሮ የትኛው ኮረብታ፣ የትኛው ክፍል ይረፍ? ቀኑስ በማን ይታወጅ? ይህ ጥያቄ ተነሥቶ ድምፅ ከተሰጠበት በሚቀጥለው የምሥረታ በዓል ላይ ለአባላት የሚቀርበው ሪፖርት ከኩንታልና ከብር በተጨማሪ የሣር ዓይነቶችን ቁጥር ይጨምራል።